ኤርባጉ ለምን አልፈነዳም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር መኪና የሚይዝ ሰው፣ በተለይ ያገለገለ የገዛ፣ ስለ ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ሰዓት በቅጽበት ተነፍቶ ሰውን ስለሚቀበለው ከረጢት፣ ደጋግሞ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምር።

መኪናዬ ኤርባግ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

መሪው መሐል ላይና ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ፊት ያለውን ዳሽቦርድ እዩ። «ኤስአርኤስ» ወይም «ኤርባግ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ፋብሪካው አስገብቶለታል። ጽሑፉ ወንበሩ ጎን ላይ ወይም በሁለቱ በሮች መሐል ባለው ምሰሶ ላይም ካለ የጎን ኤርባግ አለው። አሁንም ድረስ ውስጡ አለ ወይ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ከታች እንመጣበታለን።

ጽሑፉ ከሌለ አትድከሙ። ብዙዎቹ የድሮ ዶልፊኖችና አባዱላዎች፣ አሮጌ ሃይሉክሶችና አይሱዙዎች ጭራሹንም ኤርባግ የላቸውም። «ያን ያህል ተጋጭቶ ኤርባጉ እንዴት አልወጣም?» ሲባል እሰማለሁ። ያልነበረ ነገር ከየት ይውጣ?

ኤርባግ እንዴት ነው የሚሠራው?

ከፊት፣ ከፓራውልቱ ጀርባ፣ ግጭት የሚለይ ሴንሰር አለ። መሐል ላይ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማርሹ አካባቢ ወለሉ ላይ፣ ትንሽ ኮምፒውተር ታስሯል። መኪናው በድንገት ሲገታና ኮምፒውተሩ ግጭቱ ከባድ ነው ብሎ ሲወስን ወደ ኤርባጉ ኤሌክትሪክ ይልካል። እዚያ ያለው ኬሚካል ይቀጣጠልና ጋዝ ያመነጫል፣ ጋዙ ከረጢቱን ይሞላል። ይህ ሁሉ በሰከንድ አንድ ሃያኛ ገደማ ውስጥ ያልቃል፤ ዓይናችሁን እስክታርገበግቡ እንኳን አይቆይም። ወዲያው ከረጢቱ በቀዳዳዎቹ ይተነፍሳል። ነጭ ብናኝ ቢያስነሳ መኪናው ተቃጠለ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ከረጢቱ እንዳይጣበቅ የሚነሰነስ ዱቄት ነው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው እንግባባ። ዋናው ቀበቶው ነው። ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ያሰረን ሰው ጭንቅላትና ደረት ለማገዝ ነው እንጂ ቀበቶውን ለመተካት አይደለም።

የመኪናዬ ፊት እንዳለ ተጨማዶ ኤርባጉ አልፈነዳም። ተበላሽቶ ነው?

የግድ አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ኮምፒውተሩ ስንት ላሜራ እንደተጨማደደ አይቆጥርም። የሚለካው መኪናው ምን ያህል በድንገት እንደቆመ ነው። በተለመደው አሠራር የፊት ኤርባግ ቀበቶ ላላሰረ ሰው የሚፈነዳው መኪናው ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄደ ከማይነቃነቅ ግንብ ጋር ቢላተም ከሚደርስበት ምት ጀምሮ ነው፤ ቀበቶ ላሰረ ደግሞ 26 ገደማ። ልብ በሉ፣ ግንብ ነው ያልኩት። የቆመ መኪና ስትገጩ እሱም ይገፋል፣ እሱም ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ተመሳሳይ ምት ለማግኘት ፍጥነቱ እጥፍ ያህል መሆን አለበት።

አሁን ወደ እኛ መንገድ አምጡት። ከደንበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ በሬ ድንገት መንገድ ገባ እንበል። ኮፈኑ ይገባል፣ የፊት መስታወቱ ይረግፋል፣ ራዲያተሩ ይፈሳል፣ ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት ተረፉ!» ይላል። ነገር ግን በሬው ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ስለሚወረወር መኪናው የቆመው ቀስ እያለ ነው። ኤርባጉ ዝም ቢል ሥራውን አልበደለም። ጋሪ ወይም ባጃጅ ሲገጭም እንደዚያው ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ነገር ተገፍቶ ይሄዳል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ማታ መብራት ሳያበራ ዳር ላይ የቆመ የጭነት መኪና ኋላ ሥር መግባት። ፓራውልቱ ከጭነቱ ሳንቃ በታች ያልፋል፣ ጠንካራው የመኪናው አካል ምንም አይነካም፣ መጀመሪያ የሚመታው መስታወቱና ጣሪያው ነው። ሴንሰሩ ምቱን ዘግይቶ ያውቀዋል፣ ወይም ጭራሽ አያውቀውም። ቀጭን ዛፍ ወይም የመብራት እንጨት በሁለቱ የፊት መብራቶች መሐል ሲገባም እንዲህ ሊያጋጥም ይችላል። እዚህ ላይ ኤርባጉ ባይበላሽም ሰው ይጎዳል።

ከጎን ተመታሁ፣ ወይም ተገለበጥኩ። የመሪው ኤርባግ ለምን አልወጣም?

የመሪውና የዳሽቦርዱ ኤርባግ ከፊት ለሚመጣ ምት ነው። ከጎን ሲመታ የጎን ኤርባግ ካለ እሱ ነው የሚሠራው። ከኋላ ሲመታ ሰውነታችሁ የሚሄደው ወደ ወንበሩ ስለሆነ የፊቱ ቢወጣም አይጠቅማችሁም። ለመገልበጥ ደግሞ ከጣሪያው ጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ኤርባግ አለ፤ እኛ አገር ካሉት ያገለገሉ መኪኖች ብዙዎቹ የላቸውም። አባይ በረሃ ኩርባ ላይ መኪና ሲገለበጥ ሰውን ውስጥ የሚያቆየው ቀበቶ ነው።

ሹፌሩ ጋ ወጥቶ ጋቢና ጋ ያልወጣውስ?

ወንበሩ ሥር ክብደት የሚለይ ሴንሰር ያላቸው መኪኖች አሉ። ባዶ ከሆነ ወይም ትንሽ ልጅ ከተቀመጠ ኤርባጉን ራሱ ያጠፋዋል። አንዳንድ ፒክአፖች ደግሞ በቁልፍ የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። ዳሽቦርዱ ላይ የጋቢናው ኤርባግ ጠፍቷል የሚል ትንሽ መብራት በርቶ ካያችሁና ትልቅ ሰው ከተቀመጠ፣ ማብሪያውን ፈትሹ።

ቀበቶ ካላሰርኩ ኤርባጉ አይፈነዳም ይባላል። እውነት ነው?

በጥቅሉ አይደለም። እንዲያውም ከላይ እንዳየነው ቀበቶ ላላሰረ ሰው ቀለል ባለ ምት እንዲፈነዳ የተደረገባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ችግሩ ሰውዬው ጋ ነው። ፍሬን ሲያዝ ቀበቶ የሌለው ሰው ወደፊት ይንሸራተትና ኤርባጉ በሚወጣበት ቅጽበት ፊቱ መሪው ላይ ደርሶ ይገኛል። ያኔ ኤርባጉ ራሱ ይመታዋል። ከመሪው መሐል እስከ ደረታችሁ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር።

ከዚህ የባሰው የውሸት ምላስ ነው። ጩኸቱን ለማስቆም የቀበቶ ማስገቢያው ውስጥ የሚሰካ ብረት ገበያ ላይ አለ፣ ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ አዙሮ የሚሰካም አለ። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ «ሰውዬው ታስሯል» ብሎ ያምናል፣ አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ይህን አምኖ ከበድ ያለ ምት ይጠብቃል። እናንተ አልታሰራችሁም፣ ኤርባጉም ይዘገያል። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ቀበቶውን ደረት ላይ ጣል የማድረጓ ዘዴ ቢያንስ ኮምፒውተሩን አታታልልም፤ ሰውየውን ግን አታድንም።

አባይ በረሃን ሞተር አጥፍቼ ብወርድ ኤርባጉ ይሠራል?

ቁልፉን ወደ ማጥፊያው መልሳችሁ ከሆነ አይሠራም። ኤርባጉ የሚነቃው ቁልፉ ዳሽቦርዱ መብራት በሚያበራበት ቦታ ላይ ሲሆን ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ)፣ ያውም ቁልፍ አጥፍቶ የሚወርድ ሰው ያጠፋው ኤርባጉን ብቻ አይደለም። ፍሬኑ ይጠነክራል፣ መሪውም እንደዚያው፣ ከዚያ ላይ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት እንደሚደፍረው አይገባኝም።

የቁልፉ ነገር ቀልድ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ በፈረንጆቹ 2014 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪና የጠራው፣ ማለትም ችግሩ እንዲስተካከል ባለቤቶቹ መኪናውን ይመልሱ ያለው፣ በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የቁልፍ ማስገቢያው ልል ስለነበር ቁልፉ ላይ ብዙ ነገር ሲንጠለጠል ወይም የሹፌሩ ጉልበት ሲነካው እየተነዳ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አብሮ ይጠፋል። ኩባንያው በዚህ ሳቢያ ለ124 ሞት ካሳ ከፍሏል።

የኤርባግ መብራት በርቶ ቀረ። ምን ማለት ነው?

ቁልፍ ስትከፍቱ የኤርባግ ምልክቱ ለጥቂት ሰከንድ ይበራና ይጠፋል። ጤነኛው ይሄ ነው። በርቶ ከቀረ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ብልሽት አግኝቷል፣ በዚያ ሁኔታ ብትጋጩ ኤርባጉ ላይፈነዳ ይችላል። «መኪናው እየሄደ አይደል!» ብሎ መብራቱን ለዓመታት ተሸክሞ የሚነዳ ሰው ሞልቷል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በክረምት ጭቃ ገብቶ ላቫጆ ላይ ወለሉ በውሃ ሲታጠብ፣ ወንበር ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች ይረጥባሉ ወይም ይላላሉ። ወንበሩ ለልብስ ስፌት ወጥቶ ሲመለስም ሶኬቱ ሳይሰካ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ባትሪ ሲደክምም መብራቱ ይበራል። ክላክሱና መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች አብረው ሥራ ካቆሙ ደግሞ ከመሪው ጀርባ ያለው፣ መሪው ሲዞር አብሮ የሚጠቀለለው ገመድ ተበጥሶ ይሆናል። ቶዮታ በ2014 6 ሚሊዮን ከሚያልፉ መኪኖች ከጠራባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄው ገመድ ነበር።

በቮልት መለኪያ ወይም በአምፖል የኤርባግ ገመድ ላይ «እስኪ ልሞክረው» የሚል ኤሌትሪሺያን ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ሥራው በኮምፒውተር ምርመራ ይጀመራል፣ ከዚያ ባትሪው ተነቅሎ ይጠበቃል፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ባትሪው ቢጠፋም የሚያፈነዳበትን ኃይል ለጊዜው ይዞ ይቆያል። ብየዳም ሲሠራ ያው ነው፣ ባትሪው ይነቀል።

መብራቱ ጭራሽ አይበራም። ጥሩ ነው አይደል?

አይደለም! ቁልፍ ሲከፈት እንኳን ለአንድ አፍታ ካልበራ አንድም አምፖሉ ተቃጥሏል፣ አንድም ሰው ሆን ብሎ ነቅሎታል። ይበልጥ ተንኮል ያለበት ደግሞ ከሌላ መብራት ጋር ማያያዝ ነው። ሞተር ሲነሳ የዘይት መብራት ይጠፋል አይደል? የኤርባጉን መብራት ከሱ ጋር ያስሩትና አብሮ ይጠፋል፣ ገዥው ደስ ብሎት ይሄዳል። የምትገዙት መኪና ላይ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ቆዩ። ጤነኛ የኤርባግ መብራት ሞተር ሳይነሳም ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ሞተር እስኪነሳ የሚጠብቅ ከሆነ ደላላውን ቀና ብላችሁ እዩት።

ያገለገለ መኪና ስገዛ ኤርባጉ አንዴ ፈንድቶ እንደነበር በምን ልወቅ?

የፈነዳ ኤርባግ አንድ ጊዜ ነው፣ ተጣጥፎ አይመለስም። ሲተካ ግን ወጪው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የመሪውን ክዳን ብቻ ለጥፈው፣ ዳሽቦርዱን በማስቲሽ ሞልተው ቀለም ቀብተው ውስጡን ባዶ የሚተዉ አሉ። ሊብሬው ላይ ይሄ አይጻፍም። የቦሎ ምርመራ ማለፉም ኤርባጉ አለ ማለት አይደለም።

የመሪው ክዳን ቀለም ከመሪው ጋር ይመሳሰል፣ የኩባንያው ምልክት አይጣመም። ዳሽቦርዱን በጣት ዳስሱት፤ ጠጠር ያለ ቦታ፣ ስንጥቅ፣ ወይም ከሌላው የተለየ ልስላሴ ካለ ጥርጥር ነው። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡትና ሥሩ ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ። የተሠራበት ዓመት ከመኪናው ዓመት የሚቀድም ወይም ብዙ የሚዘገይ ከሆነ ከሌላ መኪና የመጣ ወይም የተቀየረ ነው። ሲለቁት የማይጠቀለል ቀበቶ ደግሞ በከባድ ግጭት ሰዓት ወደ ኋላ የሚስበው ፈንጂው ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ከባዱ ማታለያ ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክን የሚቋቋም ትንሽ ዕቃ፣ ነው። ኮምፒውተሩ ኤርባጉ መኖሩን የሚያረጋግጠው የገመዱን መቋቋም በመለካት ነው፣ 2 ወይም 3 ኦም (የመቋቋም መለኪያ) ገደማ። በሳንቲም የሚገዛ ሬዚስተር በቦታው ሲበየድለት ያምናል። መብራቱ በሥርዓቱ ይበራል፣ በሥርዓቱ ይጠፋል፣ የኮምፒውተር ምርመራውም ንጹህ ይወጣል። መሪው ውስጥ ግን ምንም የለም። ይሄን የሚያገኘው የመሪውን ክዳን ከፍቶ የሚያይ፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው። ብዙ ብር ለሚወጣበት መኪና ያን ያህል መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሻጩ «አይነካም» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኤርባግ ገዝቼ ላስገባ?

ከተቻለ አይሁን። ያ ኤርባግ ውሃ ገብቶት ከነበረ መኪና ይውጣ፣ የተጠራ ዓይነት ይሁን አታውቁም። በርካሽ የሚሸጠው አዲስ የሚመስለውም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2012 ስለ አስመስለው የተሠሩ ኤርባጎች አስጠንቅቆ ነበር። በ2024 ደግሞ ቀድሞ ተጋጭተው በርካሽ መለዋወጫ የተጠገኑ መኪኖች ላይ ኤርባጉ እንደ ቦምብ ተበጣጥሶ 3 ሰው መሞቱን ተናግሯል።

ኤርባግ ከፈነዳ በኋላ ከረጢቱ ብቻ አይቀየርም። ኮምፒውተሩ ግጭቱን መዝግቦ ራሱን ይቆልፋል፣ ሴንሰሮቹና ቀበቶዎቹም ይታያሉ። ይሄን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩላችሁ የሚል ጋራዥ አንድ ነገር ዘሏል።

ታካታ የሚባለውስ? የኔ ኮሮላ አለበት?

ይሄ የተገላቢጦሹ ነው። እዚህ ችግሩ አለመፈንዳቱ አይደለም፣ ከልክ በላይ መፈንዳቱ ነው። የጃፓኑ ኤርባግ አምራች ታካታ ኤርባጎቹን የሚነፋው በአሞኒየም ናይትሬት ነበር። ኬሚካሉ ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሽና ሲቀጣጠል የብረት ቆርቆሮውን ሰባብሮ ፍንጣሪውን ወደ ሰው ይልካል። በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ገደማ ተጠርተዋል፣ ኩባንያው በ2017 ከስሯል። ከ2003 እስከ 2013 የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች፣ እንዲሁም ከ2006 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የተሠሩ ቪትዞችና ያሪሶች በጥሪው ውስጥ ናቸው። እነዚህን በየከተማችን እያየናቸው ነው።

«ደብረ ማርቆስ ደጋ ነው፣ ሙቀት የለም» እንዳትሉ። መኪናው ዱባይ ቆሞ የኖረባቸው ዓመታት ይቆጠራሉ። የቻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የአምራቹን ድረ ገጽ ፈትሹ፣ ቶዮታ ከሆነ ወኪሉን ሞኤንኮን ጠይቁ። የአሜሪካው የጥሪ መፈተሻ ገጽ መልስ የሚሰጠው በዋናነት ለአሜሪካ ገበያ ለተሠሩት ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ቻንሲ አጠር ያለና መሐሉ ሰረዝ ያለው ስለሆነ የጃፓኑን ገጽ ነው የሚፈልገው። ጥሪ ያለበት መሆኑ ከታወቀና እስኪቀየር ጊዜ ከወሰደ፣ ችግሩ የጋቢናው ኤርባግ ላይ ከሆነ እዚያ ሰው አታስቀምጡ፤ ቶዮታም በ2014 ለአሜሪካ ደንበኞቹ የመከረው ይሄንኑ ነው።

የፊት ብረትና የዳሽቦርድ ጌጥ ይከለክለዋል?

ከብት በዝቷል ብለን ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ፊት ላይ የምናስበይደው ብረት ሴንሰሩ የሚያነበውን ምት ይቀይረዋል። ፋብሪካው ያልሞከረው ብረት ከሆነ ኤርባጉ ሊዘገይ ወይም ያለቦታው ሊፈነዳ ይችላል። ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ፣ የሥዕል ፍሬም፣ ስልክ መያዣ፣ ኤርባጉ ሲወጣ ፊት ላይ ይወረወራል። የጎን ኤርባግ ያለው ወንበር ላይ ጠበቅ ያለ የወንበር ልብስ አታልብሱት።

ሕፃን ታቅፎ ጋቢና መቀመጥ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ኤርባጉ ቢፈነዳ ሕፃኑ በናትየውና በኤርባጉ መሐል ነው የሚገኘው። ኋላ ይቀመጡ።

ኮረኮንች መንገድ ላይ ራሱ ይፈነዳ ይሆን?

የተለመደው ጉድጓድና ኮረኮንች አያፈነዳውም፣ ኮምፒውተሩ የመንገድ ንዝረትን ከግጭት ይለያል። የመኪናው ሆድ ከድንጋይ ጋር በኃይል ከተላተመ ግን ይቻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላይስ?

ያው ነው። ኤርባጉ የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ ሳይሆን ከትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው፣ እሱን አትርሱት።

ሁሉም ነገር ጤነኛ ሆኖ፣ መብራቱም ሳይበራ፣ በከባድ የፊት ግጭት ላይፈነዳ ይችላል?

ይችላል፣ ግን ብርቅ ነው። ቶዮታ በ2020 መጀመሪያ 3.4 ሚሊዮን መኪና ጠርቷል፤ ከ2011 እስከ 2019 የተሠሩ ኮሮላዎችም አሉበት። የኤርባጉ ኮምፒውተር በግጭቱ ሰዓት ከሚፈጠር የኤሌክትሪክ ረብሻ በቂ መከላከያ ስላልነበረው፣ ልክ በሚፈለግበት ቅጽበት ሊከሽፍ ይችል ነበር። ከግጭት በፊት ምንም ምልክት አይሰጥም። ይሄን የሚነግራችሁ ቻንሲ ቁጥሩ ብቻ ነው።

መፈንዳት ሲገባው አልፈነዳም ብዬ ባምን ምን ላድርግ?

መኪናው ከመነካቱ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ዳሽቦርዱን ቁልፉ ተከፍቶ፣ የመሪውን ክዳን፣ ቀበቶዎቹን፣ የተመታውን ቦታ ከፊትና ከጎን። ከዚያ ላሜራ ሠሪው ከመንካቱ በፊት የኮምፒውተር ምርመራ አስደርጉና ውጤቱ በወረቀት ይሰጣችሁ፤ «ኮዱን አጥፍቼልሃለሁ» የሚል ሰው ማስረጃችሁን ነው ያጠፋው። ለኢንሹራንሱም ስታመለክቱ ኤርባጉ አለመውጣቱን በጽሑፍ አስፍሩ፣ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን ላይም እንዲገባ ጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር በሦስት አገርና በአራት ባለቤት ያለፈ መኪና ላይ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ብሎ ማሳየት ከባድ ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ማን ነካው?» የሚለው ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ያለው በኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ብዙዎቹ የግጭቱን ቅጽበት ይመዘግባሉ። ስለዚህ ጋራዡ ኮምፒውተሩን ከቀየረው አሮጌውን ተቀበሉትና ከነቁጥሩ ቤት አስቀምጡት፣ «ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው» ቢሏችሁም።